ሻንጣሽን ፈትተሽ ስታበቂ
ከስደት ሥራ በኋላ ጉዞንና አገልግሎትን አስማምቶ ስለ መኖር



በዐረቡ ሀገር ሙቀቱ በርዶ ቀዝቃዛው ወራት ሲገባ አሠሪዎችሽ ድንኳንና ከራቫን ይዘው ወደ በረሃ ወጥተው ያውቁ ይሆናል። ሩዙን፣ ሥጋውን፣ የሻዩን ዕቃ ያሰናዳሽው አንቺ ነሽ። ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ሲጫወቱ ድስቱን ያጠብሽውም አንቺው ነሽ። እነርሱ ሊያርፉ ወጡ፤ ያንቺ ሥራ ግን ከቤት ወደ ድንኳን ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። ያን ጊዜ ቀና ብለሽ ከዋክብቱን እያየሽ «የእኔስ ዕረፍት መቼ ይሆን?» ብለሽ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለአንቺ ነው።

በሀገራችን የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ግን ከዚያ ዕድሜ በፊት ትመለሳላችሁ። ጉልበት ሳይደክም፣ ዓይን ሳይፈዝ የስደቱ ሥራ ያበቃል። ትንሽ መተዳደሪያ ይዘሽ ከተመለስሽ፣ ከፊትሽ ገና ረጅም ዘመን አለ። ይህን ዘመን በምን ትሞዪዋለሽ? ብዙ እህቶች ስለሚሠሩት ቤትና ስለሚከፍቱት ሱቅ ያስባሉ፤ ስለዚህ ጥያቄ ግን ሳያስቡ አውሮፕላን ይሳፈራሉ።

ሌሎች እንዴት ያሳልፉታል?

በአሜሪካና በአውሮፓ ከሥራ ቀደም ብለው ከሚገለሉ ሰዎች መካከል አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ገዝተው ሀገር ለሀገር የሚዞሩ አሉ። መኪናው ቤታቸው ነው፤ ደስ ባላቸው ቦታ ያቆሙታል። ይሁን እንጂ ከእነርሱ ብዙዎቹ መዞሩ ብቻ አልበቃቸውም። አንዳንዶቹ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቦታ ይሰጣቸውና ያለ ደመወዝ እንግዳ ያስተናግዳሉ። ለድሆች ቤት የሚሠራው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅትም ከነመኪናቸው መጥተው ግድግዳ የሚያቆሙ፣ ቀለም የሚቀቡ በጎ ፈቃደኞች አሉት። ከዓመቱ ከፊሉን በመንገድ፣ ከፊሉን በቀያቸው ሰው በመርዳት የሚያሳልፉም አሉ።

ከእነርሱ የምንማረው መኪናውን አይደለም። ሰው ሁልጊዜ በመንገድ ላይ ቢሆን ሥር አይኖረውም፤ ሁልጊዜ በአንድ ቤት ቢዘጋበትም ይታፈናል። ሁለቱም ያስፈልጉታል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ስትመለሺ በመጀመሪያው ሰሞን ቤቱ በሰው ይሞላል። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ እልልታው ይቀልጣል። ወራት ሲቆጠሩ ግን ጠያቂው ይቀንሳል፤ ቀኑም ይረዝምብሻል። ያን ጊዜ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው፣ ሳታውቂው ዳግመኛ ሠራተኛ መሆን ነው። ለረጅም ዓመታት ሰው ሳያዝሽ መነሣት የለመደ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። የእኅትሽን ልጆች ታጥቢያለሽ፣ የወንድምሽን ቤት ታጸጃለሽ፣ ድግስ በተደገሰበት ሁሉ ጓዳ ትገቢያለሽ። ማንም «ደከመሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅሽም፤ «እሷ ለምዳዋለች» ይሉሻል። ሁለተኛው ወጥመድ «እስከ ዛሬ የታሰርኩት ይበቃኛል» ብሎ ያለ ዕቅድ መዞር ነው። ዛሬ ባሕር ዳር፣ ነገ ሐዋሳ ሲባል በላብ የተገኘው ገንዘብ ያልቅና ያ የተረገጠ ደጅ ዳግመኛ ይታሰባል።

መንገድ መውጣት ቅንጦት አይደለም

ከግቢው በር ውጭ ብቻዋን መውጣት ሳይፈቀድላት ለዓመታት የኖረች ሴት፣ «የት ትሄጃለሽ?» የሚላት ሳይኖር አውቶቡስ መሳፈሯ ምን ማለት እንደ ሆነ የምታውቀው እርሷ ናት። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ደክመው ሲመለሱ ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ እንደ ነገራቸው ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 6 ጽፎልናል። ስለዚህ ለማረፍ መውጣት ኃጢአት መስሎ አይታይሽ።

ለእኛ ደግሞ አባቶቻችን ያቆዩልን የጉዞ ሥርዓት አለ። የግሸን ደብረ ከርቤ ክብረ በዓል መስከረም 21 ነው፤ የኅዳር ጽዮን በአክሱም ኅዳር 21፤ የቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፤ የላሊበላ ልደት ታኅሣሥ 29፤ የዝቋላ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5፤ የደብረ ሊባኖስ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት ነሐሴ 24። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት አውቶቡስ ተከራይተው ስለሚሄዱ ብቻሽን መጨነቅ የለብሽም። ነጠላሽን፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ስንቅሽንና መድኃኒትሽን ያዢ። ከጎንሽ የምትቀመጠውን እናት እንደ ዘመድ ታውቂያታለሽ፤ ዳቦ ቆሎዋን ታካፍልሻለች፣ አንቺም ታካፍያታለሽ። ለዓመታት ብቻዋን ማዕድ ቤት ውስጥ ቆማ ለበላች ሴት ይህ ራሱ ፈውስ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በጦርነትና በግጭት ምክንያት መንገዶች በየጊዜው ተዘግተው ያውቃሉ። ከመነሣትሽ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቂ፤ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ቅርብ ያለውን ገዳም ተሳለሚ። ከአዲስ አበባ የምትነሺ ከሆነ ዝቋላም ደብረ ሊባኖስም ሩቅ አይደሉም፤ ግን የእነርሱንም መንገድ ጠይቀሽ ሂጂ።

ከጉዞ የተወለደ አገልግሎት

ጉዞና አገልግሎት እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት የወይዘሮ አበበች ጎበናን ሕይወት ተመልከቺ። እርሳቸው በ1980 እ.ኤ.አ. በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሄዱ። በአካባቢው ረኃብ ገብቶ ነበርና በየመንገዱ የወደቀውን ሕዝብ አዩ፤ ከሞተች እናት ጎን የተኛ ሕፃንም አገኙ። ሊሳለሙ ሄደው ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባላቸው ከልጆቹና ከትዳርሽ ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን መረጡ፤ ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡም አሳደጓቸው። ያ ጅማሬ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ሆነ፤ እርሳቸውም በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ።

ይህን የምናነሣው አንቺም ዛሬ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ክፈቺ ለማለት አይደለም። ጉዞው ዓይናቸውን ከፈተ፤ ሥራው ግን የተሠራው በቤታቸውና በሰፈራቸው ነው። ከመንገድ ያየሽውን ይዘሽ ወደ ቤት መመለስ ማለት ይህ ነው።

«አይ» ማለት የምትችይበት አገልግሎት

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳገለግል ኖሬ ደግሞ ላገልግል?» ብትዪ እውነት አለሽ። ግን ልዩነቱን ልብ በዪ። ያኛው ሥራ ነበር፤ ሰዓቱን የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር። ይህኛው አንቺ የምትመርጪው፣ ቀኑን አንቺ የምትወስኚው፣ ሲደክምሽም «ዛሬ አልችልም» የምትዪበት ነው። «አልችልም» ማለት የማትችይበት ከሆነ እርሱ በጎ ፈቃድ አይደለም፤ የዘመድ ቤት ቢሆንም እንኳ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ማርታ እንግዳ ለማስተናገድ ስትባክን ማርያም በጌታችን እግር ሥር ተቀምጣ ነበር። ጌታችን የማርታን ማስተናገድ አልነቀፈም፤ በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ግን ነግሯታል። አንቺ ለብዙ ዓመታት የማርታን ድርሻ ይዘሽ ቆይተሻል። አሁን የማርያምንም ድርሻ ያዢ፤ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ቅዳሴ አስቀድሺ፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ቀን ለአገልግሎት ለዪ።

ደግሞ ባዶ እጅሽን አልተመለስሽም። አረጋዊ ሳይጎዱ ማንሣትና ማጠብ ታውቂያለሽ። በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ባሉ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከሎች ይህ እጅ ይፈለጋል። ዐረብኛ ትችያለሽ፤ ልትሄድ የተነሣች የጎረቤት ልጅ ብትኖር ቋንቋውን፣ የዕቃውን አጠቃቀም፣ ውል ማንበብን፣ የፓስፖርቷን ቅጂ መያዝን አስተምሪያት። እኛ ሳንነገር የሄድንበትን እርሷ ተነግሯት ብትሄድ ምን ያህል እንባ ይቀር ነበር! በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ያለችው ጣቢታም በስፌቷ ነው የምትታወሰው፤ ባረፈች ጊዜ መበለቶች እርሷ የሠራችላቸውን ልብስ እያሳዩ አለቀሱላት። የምታውቀውን ሠራች፤ ያም በቃ።

ዓመቱን እንዴት ትከፍይዋለሽ?

የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ራሱ ይረዳሻል። ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም እስከ ጥር መንገዱም በዓሉም የሚመችበት ነው፤ በዚህ ጊዜ አንድ ሩቅ ጉዞና አንድ ቅርብ ጉዞ ይበቃሻል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ቤትሽ ሁኚ፤ ጸሎትና ሕሙማንን መጠየቅ የሚስማማው ያን ጊዜ ነው። ክረምት ሲገባ ተማሪዎች ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ለመንከባከብ ይመቻል። በዓመት ሁለት ጉዞ፣ በሳምንት ሁለት የአገልግሎት ቀን፤ የቀረው ለእንጀራሽና ለቤትሽ። ከዚህ ሲያልፍ ወይ ገንዘብሽ ወይ ጉልበትሽ ያልቃል።

ዛሬ የሚጀመር

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ስትመለሺ የምትቆሚበት መሬት ካለሽ ነው። ጡረታ የሚቆርጥልሽ የለም፤ ጡረታሽ ያጠራቀምሽው ነው። ስለዚህ፦

1. ለቤተሰብ ከምትልኪው የተለየ፣ በራስሽ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ ይኑርሽ። ጥቂት ቢሆንም አይቋረጥ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

2. የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ እንዳለሽ ጠይቂ። በኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቁጥር 68 ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጣል፤ በቀጠር የ2017 እ.ኤ.አ. ሕግ ቁጥር 15 ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት ከሦስት ሳምንት ደመወዝ ያላነሰ ይላል። የውልሽን ቅጂና የደመወዝ ማስረጃሽን አትጣዪ፤ ያለ እነርሱ መብትሽን ማስረዳት ያስቸግራል።

3. በትንሽ ደብተር ሁለት ዝርዝር ጻፊ፤ ልትሳለሚያቸው የምትወጂያቸውን ቦታዎችና በእጅሽ ያለውን ሙያ። ሌሊት ሥራ ጨርሰሽ ክፍልሽ ስትገቢ አንብቢው። የምትመለሺው የስልክና የልብስ ሻንጣ ይዘሽ ብቻ ሳይሆን ሐሳብ ይዘሽ ይሁን።

እህቴ ሆይ፣ ለሰው ቤት የሰጠሽውን ዓመት ማንም አይመልስልሽም። የቀረው ዓመት ግን የአንቺ ነው። ከእርሱ ላይ ለመንገዱም ለቤትሽም ድርሻ ስጪ።

አምላካችን በሰላም ወደ ሀገራችሁ ይመልሳችሁ፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለያችሁ። አሜን።