ዝናብ አገር የሚከርም ቀበቶ

ሚዛን ተፈሪ ገበያ ላይ ቀበቶ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው የሚያዞሩ ልጆች ዕቃቸውን የሚያስመሰክሩት በሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ቀበቶውን ጫፍና ጫፉን ይይዙና የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ይጎትቱታል። ቀጥሎ ላይተር ለኩሰው ነበልባሉን ገጹ ላይ ሽው ያደርጋሉ። «አዩት ጋሼ? አይነድም፤ ኦሪጅናል ቆዳ ነው!» ገዢው ይረታል፣ ብሩን ይከፍላል። ትርኢቱ ያምራል፤ ቀበቶው የሚዛንን ወይም የቴፒን ክረምት መሻገር አለመሻገሩን ግን አይነግረንም።

ከመጎተቱ እንጀምር። አንድ ሰው በወገቡ የሚሸከመው ስልክና ቁልፍ፣ ቡና አብቃይ ከሆነ ደግሞ ገጀራ ከነአፎቱ ወይም የመግረዣ መቀስ ነው። ሁሉም ቢደመር ጥቂት ኪሎ ነው፤ ሲቀመጥ ሆዱ የሚገፋው ቢታከልበትም ብዙ ለውጥ የለውም። በደንብ የለፋ የከብት ቆዳ በበኩሉ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ሁለት ኪሎ ያህል ይችላል። ስፋቱ 35፣ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀበቶ እንግዲህ ከ200 ኪሎ በላይ ይሸከማል ማለት ነው። በጉተታ ብቻ ለሁለት ተበጥሶ የተጣለ ቀበቶ ያየ ካለ ይናገር። ቀበቶ የሚጣለው ተልጦ፣ ሻግቶ፣ ቀዳዳው ተተርትሮ ወይም ዘለበቱ ተሰብሮ ነው። በዚህ አገር ደግሞ ከአብዛኛው ጉዳት በስተጀርባ ውሃ አለ።

ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከዚያም ወደ ማሻ የሚዘልቀው የደቡብ ምዕራብ ምድር በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል፤ ወደ ማሻ ከፍታ ሲወጣ መጠኑ የበለጠ ይጨምራል። ዝናቡ እንደ ሰሜኑ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተጠራቅሞ አይወርድም፤ ከመጋቢት ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይጎተታል። በዚያ ላይ ጫካው አለ፣ የቡናው ጥላ አለ። ቤበቃ ወይም ቴፒ ቡና ሲለቅም የዋለ ሰው ዝናብ ባይመታውም እንኳ ከቅጠሉ በሚንጠባጠበው ጤዛና በላቡ ወገቡ ድረስ ይረጥባል። ማታ የሰቀለው ቀበቶ ጠዋት ሲያነሳው አልደረቀም።

ወደ ላይተሩ እንመለስ። ገበያ ላይ «ቆዳ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ላያቸው ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ከሥሩ ጨርቅ ሊኖር ይችላል፤ ወይም የፋብሪካ ቁርጥራጭ ቆዳ ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ንጣፍ። ይህ ሁለተኛው አታላይ ነው፤ ውስጡ እውነተኛ የቆዳ ብናኝ ስላለ ሲያቃጥሉት የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ገዢውም «ቆዳ ነው» ብሎ ይወስደዋል። አልዋሸም፣ ቆዳ ነበር። የቆዳን ጥንካሬ የሚሰጠው ግን እርስ በርስ የተጠላለፈው ረጅም ቃጫ ነው፤ እሱ ወፍጮ ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ ንጣፉን አያይዞ የሚይዘው ሙጫው ብቻ ነው።

ልባጩ ራሱ ደግሞ ውሃን አይወድም። በርካሽ ዕቃዎች ላይ የሚውለው የፖሊዩሬቴን ዓይነት በብዛት ሞለኪውሎቹ ኤስተር በሚባል ማያያዣ የተቀጣጠሉ ናቸው። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ወደ ውስጥ ሰርጎ ይህን ማያያዣ አንድ በአንድ ይቆርጠዋል፤ ሙቀት ካለ ሥራው ይፈጥናል። ልባጩ መጀመሪያ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ እየተላጠ ይራገፋል። ነገሩን የሚያስቆጨው ቀበቶውን መታጠቅ እንኳ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። የክት ብሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ለሠርግ ሲያወጣው ልባጩ እጁ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ያንኑ ቀበቶ አንዱ ደረቅ አገር ለዓመታት ሲታጠቀው ሌላው ቴፒ ላይ ቶሎ የሚጥለው።

እውነተኛው ቆዳስ? ቆዳ በዋናነት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ጅራፍ ተገምደው አንድ ክር ይሆናሉ፤ ክሮቹ ተሰብስበው ቃጫ ይሠራሉ። ያልለፋ ቆዳ ሲደርቅ ቃጫዎቹ ተጣብቀው ይጠነክራሉ፣ ሲርስ ይልሞሰሞሳሉ፣ ርሶ ከቆየ ይበሰብሳል። የአልጋው ጠፍር እርጥብ ሆኖ ተወጥሮ ሲደርቅ የሚከረው በዚሁ ጠባዩ ነው። ብራናም ያው ነው፤ ተወጥሮ የደረቀ እንጂ የለፋ ቆዳ አይደለም፤ ስለዚህም እርጥበት ዋነኛ ጠላቱ ነው። ማልፋት ማለት በቃጫዎቹ መካከል ውሃ በቀላሉ የማይፈታው ማያያዣ ማስገባት ነው። የአገራችን ባለሙያዎች ይህን ታኒን ካለበት የግራር ልጣጭ ያገኙታል፤ በእምቧይ ፍሬ ቆዳውን ያዘጋጃሉ፣ በጉሎ ዘይት ያለሰልሱታል። ይህን ሁሉ ኬሚስትሪ በእጁ የሚያውቅ ሰው ለዘመናት «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ፣ ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለል መኖሩ ከምንም በላይ ያሳፍራል። በደቡብ ምዕራቡም ሆነ በሰሜኑ ታሪኩ አንድ ነው።

የሞጆና የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚያለፉት በክሮሚየም ጨው ነው። ልዩነቱ ሙቀት ላይ ይታያል። ጥሬ የረጠበ ቆዳ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይኮማተራል። በልጣጭ የለፋው ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ይችላል። በክሮሚየም የለፋው እስከ ውሃ መፍያ ድረስ ይዘልቃል። ቁጥሮቹ ለቤተ ሙከራ ብቻ አይደሉም። ዝናብ የመታውን ቀበቶ ምድጃ ዳር መስቀል በአካባቢው የተለመደ ነው፤ ከፍሙ በቅርብ ርቀት ሙቀቱ 80 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። በልጣጭ የለፋ እርጥብ ቀበቶ እዚያ ካደረ ጠዋት አጥሮ፣ ደርቆ፣ ሲያጥፉት የሚሰነጠቅ ሆኖ ይገኛል፤ ምንም ዓይነት ቅባት አይመልሰውም። ጥላ ሥር፣ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ሳይጠቀለል ተዘርግቶ ይድረቅ። ሻጋታውም የሚመጣው የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ ግድም ሲያልፍ ስለሆነ ቀበቶን ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ማስቀመጥ ሻጋታውን መጋበዝ ነው።

ታዲያ ገበያ ላይ ምን ይታያል? ፊቱን ትተው ጠርዙን ይዩ። ጥሩ ቀበቶ ጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ቃጫው ይታያል፤ ወደ ላይኛው ገጽ እየቀረበ ሲሄድ ቃጫው እየደቀቀ ይጠብቃል። ተደራርቦ የተጣበቀ ከሆነ መስመሩ ይለያል። የእኛ ከብቶች ቆዳ ቀጠን ያለ ስለሆነ ሁለት ንጣፍ ተጣብቆ መሰፋቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ መሃሉ ካርቶን ከሆነ ግን ይተዉት። ጠርዙ በወፍራም ቀለም ተደፍኖ ምንም የማያሳይ ከሆነ ዘለበቱ አጠገብ ባለው ቀዳዳ በኩል ይመልከቱ፤ እዚያ ቀለም እምብዛም አይደርስም። ከዚያ ቀበቶውን ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉት። አንድ ጎኑ ወደ ሆድ ከሚጠጋው ቆዳ የተቆረጠ ከሆነ ያ ጎን ይለጠጣል፣ ቀበቶውም ሲውል ሲያድር ይጎብጣል። ምርጡ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው የጀርባ ቆዳ ነው።

ቀዳዳው ደግሞ ራሱን የቻለ ሳይንስ አለው። በ1898 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው መሐንዲስ ኤርነስት ኪርሽ የተወጠረ ሰሌዳ ላይ ክብ ቀዳዳ ቢበሳ በቀዳዳው ጠርዝ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ ሦስት እጥፍ እንደሚሆን በሒሳብ አሳየ። በ1913 እንግሊዛዊው ቻርልስ ኢንግሊስ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ስንጥቅ ሲሾል ውጥረቱ ከሦስት እጥፍም በብዙ እንደሚያሻቅብ ጨመረበት። መንገድ ዳር ያለ ሊስትሮ ተጨማሪ ቀዳዳ ሲያወጣልን በምስማር ወይም በወስፌ ከወጋው ቃጫውን ይተረትረዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የቀረው ሾጣጣ ጫፍ ስንጥቁ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ክብ አድርጎ ቆርጦ የሚያወጣ መብሻ ያለውን መፈለግ ጥቂት እርምጃ ቢያስኬድም ያዋጣል።

ዘለበቱን በማግኔት ይፈትኑት፤ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል። ከያዘው ብረት ነው፣ ልባጩ ሲነሳ ይዝጋል። ካልያዘው ናስ፣ አሉሚኒየም፣ የማይዝግ ብረት ወይም ርካሹ የዚንክ ቅይጥ ሊሆን ይችላል። ናስ ከጀርባው በቁልፍ ቢጫር ውስጡም ቢጫ ነው፤ ዚንኩ ከወርቃማው ልባጭ ሥር ግራጫ ሆኖ ብቅ ይላል። ዚንክ ቅይጡ ሲወድቅ ቶሎ የሚሰበር ስለሆነ የምላሱ መንጠልጠያ ላይ ይከዳል።

አሁን ወጣቶቹ ወደሚወዱት፣ «ቀጭ» ብሎ በአንድ እጅ ወደሚፈታው ዘለበት እንምጣ። ፋሽን ነው ብሎ ማጣጣል አይገባም። ለቃሚው ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ሲሞላ በጭቃ እጁ ቋጠሮ መፍታት አለበት። በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ በር ፍተሻ አለ፤ ቦሌ አየር ማረፊያ ደግሞ ቀበቶ አውልቁ ይባላል። የመፈተሻ መሣሪያው ብረትን ብቻ አይለይም፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሁሉ ውስጥ ፍሰት ቀስቅሶ ስለሚያነብ ናስም አሉሚኒየምም ይጮህበታል። ፕላስቲክ ዘለበት ዝም ይላል።

ይህ ሁለት ክንፍ ያለው የፕላስቲክ ዘለበት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቲደብሊው በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የተሠራ ነው። ክንፎቹ ሲገቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ቦታቸው ሲደርሱ ዘርጋ ብለው ትከሻቸው ጠርዙን ይደገፋል። ሥራው ሁሉ በፕላስቲኩ የመለመጥ ችሎታ ላይ ቆሟል። ጥሩዎቹ አሴታል ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራሉ፤ ውሃ እምብዛም አይጠጣም፣ ሺህ ጊዜ ታጥፎም ይመለሳል። ፀሐይ ግን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ጥቁሩን ይምረጡ። ጥቁር የሚያደርገው የካርቦን ብናኝ ጎጂውን ጨረር ውጦ ስለሚያስቀር ዕድሜው ይረዝማል።

ከብረታ ብረት የተሠራ፣ ኦስትሪያ ውስጥ የሚመረት «ኮብራ» የሚባል ዘለበትም አለ፤ አስመስለው የሠሩትም ብዙ ናቸው። የኮብራ ትልቁ ኩራቱ ጭነት እያለበት አለመፈታቱ ነው። ለገመድ ሠራተኛ ሕይወት አዳኝ ነው። ቡና መፈልፈያ ማሽን አጠገብ ለሚሠራ ሰው ግን እኔ አልመክረውም፤ የቀበቶው ጭራ ተሽከርካሪ ነገር ውስጥ ከገባ የሚፈለገው እየተጎተተ የሚለቅ ዘለበት ነው። እዚያ ርካሹ ፕላስቲክ ከውዱ ብረት ይሻላል። በተቃራኒው ማር ቆራጩ ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሊሰቅል ሲወጣ የትኛውንም የሱሪ ቀበቶ፣ ፕላስቲኩንም ብረቱንም፣ እንደ መውጫ ገመድ አይመን።

እንዲህ ያሉት ዘለበቶች አብዛኛውን ጊዜ ከጥብጣብ ጋር ይመጣሉ። ናይለን ለስላሳና ጠንካራ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ግን ከክብደቱ እስከ 8 በመቶ ድረስ ይጠጣል፣ ይረዝማል፣ ጉልበቱም ትንሽ ይቀንሳል። ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት ዝናብ በኋላ ይሰፋል። ፖሊስተር የሚጠጣው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። የመኪና የደህንነት ቀበቶ ከፖሊስተር የሚሠራ ሲሆን የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቢያንስ አንድ ቶን ተኩል እንዲችል ያስገድዳል። ከጋራዥ የተገኘ ያልተቆረጠ ያልተበላ የመኪና ጥብጣብ ለቅርጫት ማሰሪያ ተወዳዳሪ የለውም። ስፋቱ ወደ 47 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግን በሱሪ ማለፊያ አይገባም፤ ለሱሪ 38 ሚሊ ሜትር ልክ ነው። ዘለበቱ ራሱ ከጥብጣቡ የበለጠ ሰፊ ስለሆነና በሱሪ ማለፊያ ስለማያልፍ፣ አንደኛው ጎን ተፈትቶ የሚወጣ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ጥብጣብ ቀዳዳ የለውም፤ የሚይዘው ሰበቃ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እንዳሳየው፣ በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ነገር በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር የመያዝ ኃይሉ ይባዛል እንጂ አይደመርም። መጠነኛ ሰበቃ ሲኖር ግማሽ ዙር ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል፣ አንድ ዙር ተኩል ደግሞ ወደ 17 እጥፍ ይይዛል። አዲስ ጥብጣብ ረጥቦ የሚንሸራተት ከሆነ ጭራውን አንድ ጊዜ ደግሞ በዘለበቱ ዘንግ መመለስ ብቻ ይበቃል።

የቀረው የሚዛን ቀይ አፈር ነው። ጭቃው ዘለበቱ ውስጥ ሲደርቅ ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ አይዘረጉም፤ አንዱ ብቻ ይያዝና የተቆለፈ ይመስላል። ሲዘጉ ሁለቱ ክንፎች በየጎናቸው እኩል መውጣታቸውን በጣት ይዳስሱ። ለማጽዳት አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ንጹህ ውሃ በቂ ነው። ዘይት አይቀባም፤ አቧራውን ይዞ ያስቀረዋል።