የጓሮ ወዳጅና ጠላት

በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ ነው። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ገበሬው በበልግ ገብስ ይዘራል። በጓሮው ደግሞ ድንች፣ ጎመን፣ ዱባና በቆሎ ይተክላል። የጓሮ ሥራ ትርፍ ሥራ አይደለም። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይጎድላል፤ አዲሱ እህል ገና ነው። በመጋቢት የተተከለ ዱባ ግን በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ልጆችን የሚያጠግበው እሱ ነው።

ስለ አተካከሉ ከእኛ ከተማሪዎቹ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ጓሮ እንስሳት ነው። አፈሩ ሲርስ ትሉም፣ ጥንዚዛውም፣ ወፉም ወደ ጓሮ ይመጣል። ብዙ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይገድላል። ይህ ይጎዳል። ከመጡት ውስጥ ጠላትም አለ፤ ወዳጅም አለ።

ጠላቶቹ እነማን ናቸው? ቆቅ የተዘራውን በቆሎ ጭራ ትለቅማለች። ፍልፈል ከመሬት በታች ሥር ይበላል። ጃርት ሌሊት መጥታ ድንች ትቆፍራለች። ቆራጭ ትል የጎመኑን ችግኝ ሌሊት ከሥሩ ይቆርጠዋል። ቀን ግን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። ጠዋት የወደቀ ችግኝ ስታዩ ዙሪያውን በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉ። ትሉን እዚያው ታገኙታላችሁ።

ወዳጆቹስ? ጓጉንቸር መልኳ አያምርም። ነገር ግን ጎመን አትበላም፤ የምትበላው ትልና ጥንዚዛ ነው። እስስትም ዝንብና ፌንጣ ትበላለች እንጂ ሰው አትጎዳም። በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ አለች። እሷና ልጆቿ የጎመን ቅጠል የሚመጠውን ክሽክሽ ይበላሉ። «ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል» የሚሉ አሉ። ጉጉት ሞት አትጠራም። የምትጮኸው ጓደኛዋን ለመጥራትና ቦታዋን ለማስከበር ነው። ሌሊቱን የምታድነው አይጥ ነው። ጉጉትን የገደለ አይጥን አረባ ማለት ነው።

ከሁሉ የምትበልጠው ወዳጅ ግን ንብ ናት። ዱባ ሁለት ዓይነት አበባ አለው። ወንዱ አበባ በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል። የሴቷ አበባ ከሥሯ ትንሽ ዱባ አላት። ዱባው የሚያድገው የወንዱ አበባ ዱቄት ሴቷ ላይ ሲደርስ ነው። የበቆሎን ዱቄት ነፋስ ይወስደዋል። የዱባው ግን ይከብዳል፤ ይጣበቃል። ነፋስ አይችለውም። የሚያደርሰው ንብ ነው። አበባዋ ጠዋት ትከፈታለች፤ እኩለ ቀን ላይ ትዘጋለች፤ ዳግመኛም አትከፈትም። በዚያ ጠዋት ንብ ካልመጣ ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ያን ጊዜ «ዓይን በላት» ይባላል። ዓይን አልበላትም፤ ንብ አጥታ ነው።

ንብ ለምን ትጠፋለች? አንዱ ምክንያት መርዝ ነው። ለጎመኑ ትል የተረጨ መርዝ በአጠገቡ ባለው የዱባ አበባ ላይ ያርፋል። ንቧ እዚያ ስታርፍ ትሞታለች። ትሉ ቢሞትም ዱባውና ማሩ አብረው ይቀራሉ። የተረጨውንም ጎመን የሚበሉት ልጆቻችን ናቸው። ለወባ ትንኝ የመጣውን ዲ.ዲ.ቲ. ለአትክልት ማዋል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በ1993 ዓ.ም. ብዙ መንግሥታት በስቶክሆልም ከተማ ተስማምተው ዲ.ዲ.ቲ. ለእርሻ እንዳይውል ከልክለዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ትሉን በጠዋት በእጅ እንልቀም። ክሽክሽ ሲበዛ አመድ እንነስንስ። ለጃርት አጥሩን በእሾህ እናጥብቅ። መርዝ የግድ ከሆነ አስቀድመን የእርሻ ባለሙያ እንጠይቅ፤ አበባ ባለበት አንርጭ። ዛሬ ማንበብ ችለናልና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳናነብ አንክፈት። ንብ ከጠፋ ደግሞ ጠዋት ወንዱን አበባ ቀጥፈን ዱቄቱን በሴቷ አበባ መካከል እናሽ። ዱባው ይይዛል።

ከመግደል በፊት ምን እንደሚበላ ማየት ይቅደም። ጎመን የሚበላውን እናስወግድ፤ የጎመን ጠላት የሚበላውን እንተወው።

ጥያቄዎች
1. የዱባ ወንድ አበባና ሴት አበባ በምን ይለያሉ?
2. ትንሿ ዱባ ለምን ትረግፋለች?
3. በጓሯችሁ ካሉት እንስሳት የሦስት ወዳጆችንና የሦስት ጠላቶችን ስም ጻፉ።