የሉቻ ሊብሬ አንጋፋዎች

ሉቻ ሊብሬ የሜክሲኮ ነፃ ትግል ነው። ከሌሎች ስፖርቶች የሚለየው አንዱ ነገር የተፋላሚዎቹ ዕድሜ ነው። እግር ኳስ ተጫዋችም ሆነ ቦክሰኛ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላው ስለ ስንብቱ ማሰብ ይጀምራል። በሉቻ ሊብሬ ግን ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ዛሬም ገመድ ተሻግረው ሪንግ ውስጥ ይገባሉ። በ1960 እ.ኤ.አ. በጎሜስ ፓላሲዮ ከተማ የተወለደው ብሉ ፓንተር ሥራውን የጀመረው በ1978 ነው። ሚያዝያ 2024 ላይ በ63 ዓመቱ ከአሜሪካዊው ብራያን ዳንየልሰን ጋር በሜክሲኮ ሲቲ ተጋጥሟል። ታዳሚ እንዲህ ያሉትን አንጋፋዎች “ማኤስትሮ” ይላቸዋል፤ መምህር ማለት ነው።

ስፖርቱ በተደራጀ መልክ የተጀመረው መስከረም 1933 እ.ኤ.አ. ነው። ሳልቫዶር ሉቴሮት የተባለ ሰው በአሜሪካ ያየውን ትግል ወደ አገሩ አምጥቶ አንድ አዘጋጅ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በኋላ ስሙን ቀይሮ ሲ.ኤም.ኤል.ኤል. ሆነ፤ ዛሬም ድረስ ሳይቋረጥ እየሠራ በመሆኑ በዓለም ካሉት የትግል አዘጋጆች በዕድሜ ቀዳሚው ነው። ዋና ቤቱ በ1956 በዶክቶሬስ ሰፈር የተከፈተው አሬና ሜክሲኮ ሲሆን፣ ከ16,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። ትልቁ ዝግጅት የሚቀርበው ዓርብ ማታ ነው።

ተፋላሚዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። “ቴክኒኮስ” የሚባሉት ሕግ አክባሪዎቹ ናቸው፤ “ሩዶስ” ደግሞ ዳኛው ፊቱን ሲያዞር የሚያጭበረብሩት፣ ከታዳሚው ጋር እየተሰዳደቡ የሚጣሉት ናቸው። የግጥሚያው ውጤት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። አወዳደቁ፣ ምቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን እውነተኛ ናቸው። የሪንጉ ወለል ስስ ንጣፍ የለበሰ ጣውላ ስለሆነ፣ በጀርባ ወድቆ ሳይጎዱ መነሣት ራሱ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው።

የተለመደው ግጥሚያ ሦስት ለሦስት ሆኖ የሚካሄድ ሲሆን፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ወገን ባለድል ይሆናል። የተጋጣሚን ሁለት ትከሻ ዳኛው እስከ ሦስት እስኪቆጥር ወለሉ ላይ ማጣበቅ፣ ወይም አስጨንቆ ይዞ እጅ ማሰጠት ዙሩን ያስገኛል። እያንዳንዱ ቡድን አለቃ አለው፤ አለቃው ወይም ሁለቱ ጓደኞቹ ሲሸነፉ ዙሩ ያበቃል። የተጋጣሚን ጭምብል መግፈፍ፣ ከወገብ በታች መምታትና “ማርቲኔቴ” የተባለው፣ ሰውን ዘቅዝቆ በጭንቅላቱ ወለሉ ላይ የሚያሳርፈው አጣጣል ከውድድር ያስወጣሉ።

ይህ አሠራር ለአንጋፋ ሰው ይመቸዋል። አንድ ተፋላሚ ከሪንጉ ሲወጣ ወይም ተወርውሮ ሲወድቅ ጓደኛው የእጅ ቅብብል ሳይጠብቅ በቦታው ይተካል። በዕድሜ የገፋው ሰው የሚችለውን ያህል ታግሎ ይወጣና ጥግ ላይ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ በዚያ ጊዜ ከገመድ ላይ መዝለሉንና መገለባበጡን ወጣቶቹ ይሠሩታል። ተመልሶ ሲገባ ታዳሚው የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው፤ “ያቬ” የሚባለውን የቁልፍ ጥበብ።

በአንጋፋዎች ግጥሚያ መጀመሪያ ላይ ጩኸቱ ጋብ ይላል። ሁለቱ ሰዎች መሐል ላይ ቆመው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። አንዱ የሌላውን የእጅ አንጓ ይዞ ወደ ውጭ ይጠመዝዛል። የተያዘው ክንዱን ከመሳብ ይልቅ ጠመዝማዛውን ተከትሎ በትከሻው ይንከባለላል፤ ክንዱ ይፈታል። ወዲያው ከወለሉ ሳይነሣ የቆመውን ሰው ቁርጭምጭሚት ይዞ ይጥለዋል፤ አሁን የተያዘው ያኛው ነው። ጉልበት የሚባክንበት ቦታ የለም። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ መፍቻ አለው፤ መፍቻውም ለሌላ ቁልፍ በር ይከፍታል። ሶላርና ኔግሮ ናቫሮ ስድሳ ዓመትን ከተሻገሩ በኋላም በዚህ ስልት እርስ በርስ እየተጋጠሙ በትናንሽ አዳራሾች ታዳሚ ሲሰበስቡ ኖረዋል።

ከታወቁት ቁልፎች አንዱ ሪቶ ሮሜሮ የፈጠረው “ታፓቲያ” ነው። ያዡ በሆዱ የተኛውን ተጋጣሚ እግሮች በገዛ እግሮቹ ቆልፎ፣ ሁለቱን የእጅ አንጓዎች ይይዝና ወደ ኋላ ይጋደማል፤ የተያዘው ሰው ደረቱን ወደ ጣሪያው እንደሰጠ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። “ዴ ኣ ካባዮ” የሚባለው ደግሞ የጎሪ ጌሬሮ ፈጠራ ነው። ያዡ በወደቀው ሰው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ክንዶቹን በጉልበቶቹ ላይ ያሳርፍና አገጩን ይዞ ወደ ኋላ ይስበዋል። ግጥሚያው ልብ ሲነካ ታዳሚው ሳንቲምና የብር ኖት ወደ ሪንጉ ይወረውራል። ይህ ከሕዝብ የሚሰጥ ከፍተኛ ክብር ነው።

ሁለተኛው የረጅም ዕድሜ ምክንያት ጭምብሉ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጭምብሎች በ1930ዎቹ የሠራው አንቶኒዮ ማርቲኔስ የተባለ ጫማ ሰፊ ነበር። ከኋላ እንደ ጫማ በክር የሚታሰረው ጭምብል ሽበትንና የፊት መጨማደድን ይሸፍናል፤ ገጸ ባሕርይው ሰውዬው ሲያረጅ አብሮ አያረጅም። የዚህ ዋና ምሳሌ ኤል ሳንቶ ነው። በ1942 ባለ ብር ቀለም ጭምብሉን አጥልቆ ብቅ አለ፤ ከ50 በላይ ፊልሞች ላይ ተወነ፤ በ1982 ስልሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት ተሰናበተ። በየካቲት 1984 ሲሞትም ከነጭምብሉ ተቀበረ። ልጁ “የሳንቶ ልጅ” በሚል ስም ያንኑ ጭምብል ወርሶ ታግሏል። ስምና ጭምብል ከአባት ወደ ልጅ ማለፉ በሉቻ ሊብሬ የተለመደ ነው።

ጭምብል የመጨረሻ ሀብት እንደመሆኑ ለውርርድም ይቀርባል። በ“አፑዌስታስ” ግጥሚያ የተሸነፈ ሰው ሪንጉ መሐል ጭምብሉን አውልቆ ትክክለኛ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውንና በሙያው የቆየበትን ዘመን ለሕዝብ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ጭምብሉን መልሶ አያጠልቅም። መጋቢት 2000 ላይ ቪያኖ ሦስተኛው ለአትላንቲስ፣ መስከረም 2008 ላይ ብሉ ፓንተር ለቪያኖ አምስተኛው ጭምብላቸውን አስረክበዋል። እንዲህ ያለው ግጥሚያ ብዙ ገንዘብ ስለሚያስገኝ ወደ ሥራቸው ማብቂያ የተቃረቡ ሰዎች የሚቀበሉት ጊዜ አለ። ብሉ ፓንተር ግን በገዛ ፊቱ ትግሉን ቀጥሎ አክብሮቱን ይዟል። ጭምብል የሌላቸው እንደ ኔግሮ ካሳስ ያሉት ፀጉራቸውን ያስይዛሉ፤ ፀጉር ዳግም ስለሚበቅል ውርርዱም ይደገማል።

አብዛኞቹ ተፋላሚዎች የሚከፈላቸው በግጥሚያ ልክ ነው። ስለዚህ ረጅም ዕድሜ በሪንግ ላይ ማሳለፍ ሁልጊዜ የፍቅር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ጉዳይ ነው። ዋጋውም በጉልበት፣ በአንገትና በወገብ ይከፈላል። ግንቦት 2019 ላይ ታዋቂው ሲልቨር ኪንግ በ51 ዓመቱ ለንደን ውስጥ በግጥሚያ መሐል ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ሰውነቱ አልታዘዝ ያለው ብዙ ጊዜ ወደ ማሠልጠን ይዞራል። በጓዳላሃራ ዲያብሎ ቬላስኮ የተባለው መምህር ሚል ማስካራስን፣ ኤል ሳታኒኮንና አትላንቲስን አፍርቷል። ሳታኒኮም በተራው ወጣቶችን አስተምሯል። ተማሪ መዝለል ከመማሩ በፊት መንከባለልና መውደቅ፣ ከዚያም ቁልፍና መፍቻውን ይለማመዳል።

የሜክሲኮ ሲቲ መስተዳድር በ2018 ሉቻ ሊብሬን የከተማዋ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ሲ.ኤም.ኤል.ኤል. ደግሞ በየዓመቱ በመጋቢት ወር “የሁለት አንጋፋዎች ክብር” የተሰኘ ዝግጅት ያቀርባል፤ በዝግጅቱም ከሚዘከሩት አንዱ መሥራቹ ሉቴሮት ነው።