ለገጠር መንገድ የሚሆን ጎማ

ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ወረዳ የተመደበ ወጣት ሹም በመጀመሪያው ዓመት ከሚፈርምባቸው ወረቀቶች አንዱ የጎማ መግዣ መጠየቂያ ነው። ወረቀቱ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም «ለላንድ ክሩዘር ጎማ፣ 4» ከማለት አያልፍም። ይህች አጭር ቃል ግን ክትባት ይዞ ከሚወጣው ጤና ባለሙያ አንሥቶ፣ ምጥ ይዟት በሌሊት እስከምትጫነው እናት ድረስ፣ በዚያ መኪና የሚሄደውን ሁሉ ነፍስ የምትመለከት ስለ ሆነች፣ ዛሬ ስለ ጎማ አመራረጥ ጥቂት ልንናገር አስበናል። መኪናው ምንም ያህል ቢከብድ እያንዳንዱ ጎማ መሬትን የሚነካው በተዘረጋ እጅ ልክ በሆነ ስፍራ ብቻ ነውና።

በመርካቶ ጎማ ተራ የገዢን ዐይን ቶሎ የሚስበው ጥርሱ የገጠጠው፣ ሻጮች ኤም ቲ የሚሉት የጭቃ ጎማ ነው። ጥርሶቹ የተራራቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎማው በተሽከረከረ ቍጥር ጭቃውን ወደ ውጭ እየወረወረ አዲስ መሬት እንዲነክስ ነው። ክረምቱን በሙሉ በመረሬ አፈር ላይ ለሚውል መኪና ከዚህ የተሻለ የለም። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት መኪና አብዛኛው ጕዞው በአስፋልትና በኮረኮንች ላይ ነው። በአስፋልት ላይ የጭቃ ጎማ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መንገዱ ሲረጥብ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ድረስ ረጅም ርቀት መሄዱ ነው። ከጣርማ በር፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ፣ በጉምና በካፊያ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። እንግዲህ ለብዙው ሥራ የሚስማማው ኤ ቲ የሚባለው መካከለኛው ነው፤ ከከተማ ለማይወጣ ደግሞ ኤች ቲ የተባለው ይበቃል።

የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ አስቀድሞ የሚጠየቀው ሻጩ ሳይሆን ሹፌሩ ነው። ከእርሱ ቃል ጋር የስድስት ወር የስምሪት መዝገብ ገልጦ፣ ስንቱ ኪሎ ሜትር በአስፋልት፣ ስንቱ በጠጠር፣ ስንቱ በጭቃ እንደ ተሄደ መደመር ነው። እኛ ባየናቸው መሥሪያ ቤቶች ግን ጎማው ከተገዛ በኋላ እንጂ ከመገዛቱ በፊት ሹፌሩን የሚያማክር እምብዛም የለም።

ቀጥሎ በጎማው ጎን የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። 265/65 አር 17 ቢል፣ ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ፣ የቸርኬው ስፋት 17 ኢንች ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቍጥር ሸክሙን ይናገራል፤ 112 ለአንድ ጎማ 1120 ኪሎ፣ 121 ደግሞ 1450 ኪሎ ነው። ልኩ አንድ ሆኖ ሸክሙ የሚያንስ ጎማ በርካሽ ሊቀርብ ስለሚችል፣ መጠየቂያው ላይ ይህም ቍጥር ካልተጻፈ ግዥ ክፍሉ ዋጋ የቀነሰውን ቢቀበል አይፈረድበትም። «አር» የምትለዋ ፊደል ራዲያል ማለት ናት፤ ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1946 እ.ኤ.አ. የፈቃድ መብት ያወጣበት አሠራር ነው። ከመነዳሪ በሚገባባቸው በድሮዎቹ ላንድ ክሩዘሮች 7.50 በ16 የሚል ጎማ ይገኛል፤ «አር» ያለውንና የሌለውን በአንድ መኪና ማደባለቅ ግን መሪን ያሳስታል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚታለልበት ነገር እንምጣ። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 2319 ቢል ጎማው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህ የፈረንጅ ዓመት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2011 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ገደማ ይውላል። 19ን እንደ እኛ ዓመት የቆጠረ ገዢ አሮጌውን ጎማ በሰባት ስምንት ዓመት አሳንሶ፣ እንደ እንቦቃቅላ ተሸክሞት ይሄዳል! ላስቲክ ደግሞ መጋዘን ቢቀመጥም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ ሠሪዎች አሥር ዓመት የሞላው ጎማ፣ ጥርሱ ቢተርፍም እንኳ፣ ይውለቅ ይላሉ።

በአፋር እንዳለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባለበት አገር ከጥርሱ ይልቅ ጎኑ ይታሰብ። በጥርሱ በኩል የገባ ሚስማር ለጎሚስታ ቀላል ሥራ ነው፤ በጎን የተቀደደ ጎማ ግን ተለጥፎ አይታመንም። ኤል ቲ የተጻፈበት ለጭነት መኪና ተብሎ የተጠናከረ ስለ ሆነ፣ ዋጋው ቢጨምርም ለእንዲህ ያለው ስፍራ እርሱን እንመርጣለን። ነፋሱም በግምት አይሞላ፤ ልኩ በሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ ነው።

አራቱም እግር በሚስብበት መኪና አራቱ ጎማ አንድ ልክ፣ አንድ ዓይነት መሆን ይገባዋል፤ ስኮርታውም እንዲሁ። ሁለቱ አዲስ ሁለቱ ያለቁ ሲሆኑ ዙራቸው ስለሚለያይ ልዩነቱን የሚሸከመው የማርሹ ጥርስ ነው። በጀቱ ለሁለት ብቻ ከደረሰ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግጠሙ።

የወለቁት አሮጌዎች ከንብረት ክፍል ከመውጣታቸው በፊት ጎናቸው ቢቀደድ መልካም ነው፤ ጥርሳቸው በቢላ ተቀርጾ ሌላ መኪና ላይ እንዳይወጡ። ለበረባሶ የሚፈልጋቸው ሰው እንደ ሆነ የተቀደደውንም ይገዛል።