ዴንጊ የሕፃናትን አንጎል ሲነካ

ትኩሳት ይዞት ሐኪም ቤት የደረሰ ሕፃን በድንገት ቢያንቀጠቅጠውና ራሱን ቢስት፣ ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠረጥረው ምንድን ነው? በሞቃታማ አገሮች መልሱ ብዙውን ጊዜ የአንጎል ወባ ወይም ማጅራት ገትር ነው። ሁለቱም ፈጥነው ካልታከሙ ስለሚገድሉ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ዴንጊ በሚገኝበት አካባቢ ሦስተኛ ተጠርጣሪም አለ።

ዴንጊ አራት ዝርያዎች ያሉት ቫይረስ ሲሆን በዋናነት የሚያስተላልፈው ኤዴስ ኢጂፕታይ የተባለችው ትንኝ ናት። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ሽፍታ የተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው። ቫይረሱ የነርቭ ሥርዓትን አያጠቃም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር።

ይህን እምነት ከለወጡት ጥናቶች አንዱ በደቡብ ቬትናም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በነርቭ ሥርዓት ላይ ኢንፌክሽን ከተጠረጠረባቸው 378 ሕሙማን መካከል 16ቱ በዴንጊ ተይዘው ተገኝተዋል። ሌሎች 5 ሕሙማን ተጨምረው ከተጠኑት 21 ሰዎች ውስጥ 9ኙ ኢንሰፍላይትስ፣ ማለትም የአንጎል መቆጣት፣ ነበረባቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ሆስፒታል ሲገቡ የዴንጊ መለያ ምልክት አልታየባቸውም። የሞተ ባይኖርም 6ቱ ከሆስፒታል ሲወጡ የነርቭ ጉዳት ቀርቶባቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው አመዳደብ የንቃተ ኅሊና መዛባትን ከከባድ ዴንጊ መለያዎች አንዱ አድርጎታል።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛ፣ ቫይረሱ ራሱ ወደ አንጎል ሊገባ ይችላል። ሁለተኛ፣ የደም ሥሮች ፈሳሽ ሲያሾልኩ የደም ግፊት ይወርድና አንጎል ኦክስጅን ያጥረዋል፤ የሕፃናት ደም ሥሮች ከአዋቂዎች ይልቅ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። የጉበት መጎዳት፣ የሶዲየም ማነስና በአንጎል ውስጥ የሚከሰት መድማትም ተመሳሳይ አደጋ ያስከትላሉ። ሦስተኛ፣ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ነርቮች ሊያጠቃ ይችላል፤ እግርና እጅን የሚያዝለው የጊያን ባሬ ሕመም ለዚህ ምሳሌ ነው።

መንስኤውን መለየት የሚጠቅመው ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ባይኖርም የሶዲየም መዛባትን ማስተካከልና ፈሳሽን በጥንቃቄ መጥኖ መስጠት ይቻላል፤ ከልክ ያለፈ ፈሳሽ ግን ራሱ ጉዳት ያመጣል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ በተቀሰቀሰው ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል፤ ከዚያ ወዲህም በሶማሌና በአፋር ክልሎች ተከስቷል። ወባም በሚገኝባቸው በእነዚህ ቆላማ አካባቢዎች ሁለቱን በሽታዎች በትኩሳት ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ወባ በምርመራ ካልተገኘ ዴንጊን ማሰብ ያስፈልጋል።

ወላጆችስ ምን ያድርጉ? ዴንጊ ለተጠረጠረበት ልጅ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን መድማትን ስለሚያባብሱ አይሰጡም፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። የማያቋርጥ ትውከት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ መድማት፣ ከወትሮው የተለየ መፍዘዝ ወይም ማንቀጥቀጥ ከታየ ልጁን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። በተለይ ትኩሳቱ ሲበርድ «ዳነ» ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው፤ ከባዱ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነውና።

ትንኟ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም። የምትራባው ለቤት አገልግሎት በተጠራቀመ ውኃና በተጣለ ጎማ ውስጥ በመሆኑ በርሜልን መክደንና በየሳምንቱ አጥቦ ማጽዳት የሕፃናትን አንጎል ከመጠበቅ ይቆጠራል።