አሮጌ ሞተር አልነሳ ሲል ካንዴላውን አስቀድሙ

ለእረፍት ወደ ደራ፣ ኢተያና አሰላ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች፣ የቤቱ አሮጌ ሞተር ጠዋት እምቢ ሲል የሚጠራው «ተማሪው» ነው። ሞተሩ እንጀራቸው ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ በግምት የሚገዛ ዕቃ ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ ችግሩ የቤንዚን ነው ወይስ የእሳት የሚለውን ቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

የሞተር ማጥፊያውንና የቤንዚን መክፈቻውን አረጋግጡ። ያስቃል፤ ግን ተዘግተው እያለ ግማሽ ሰዓት ፔዳል የሚረግጥ አይጠፋም።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፍቱ። ደጋግማችሁ ከረገጣችሁ በኋላ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ቤንዚን አልደረሰም። በቤንዚን ከራሰ ወይ ብልጭታ የለም፣ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል። እንደ ዲቲ ያሉት አሮጌ ያማሃዎች ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ ካንዴላቸው ቶሎ ይጠቁራል፤ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። የጫፉ ክፍተት በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ብልጭታውን ለማየት ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አያይዛችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነኩና ፔዳሉን ርገጡ። ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት እሳት ይይዛል። ብልጭታ ከሌለ መጀመሪያ በሌላ ካንዴላ ሞክሩ፤ ቦቢና የሚጠረጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ብልጭታ እያለ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትታችሁ ቤንዚኑን በብርጭቆ ተቀበሉ። በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ውኃ ሊኖርበት ይችላል፤ ውኃው ከታች ተለይቶ ይታያል። ምንም ካልወረደ የሰርባትዮውን ክዳን ክፈቱ። በእኛ አካባቢ አቧራ የክዳኑን መተንፈሻ ይደፍናል፤ ተነስቶ ጥቂት ሄዶ የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው።

ከደራ ወደ አሰላ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ቾክ ስቦ ማቆየት ካንዴላውን በቤንዚን ያርሰዋል። ከራሰ መክፈቻውን ዘግታችሁ፣ የቤንዚን መስጫውን እጀታ እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ።

ፔዳሉ ያለ ምንም ግፊት ወደ ታች ከወረደ ግን ካርቡሬተሩን አትንኩ። ፋሻው ወይም ቫልቩ አልቆ ሊሆን ስለሚችል ሥራው የመካኒክ ነው።