ከጉና የሚወርዱት ወንዞችና ነጩ ዓሣ

ለቤተ ልሔም አገር ለጋይንት ጎረቤት የኾነው የጉና ተራራ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይልካል። በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጠመደው ትራውት በአገራችን የሚገኘው በባሌ ወንዞች ነው፤ እርሱም ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው። ነጩ ዓሣ ግን የጣና ተወላጅ ሲኾን፥ ብዙው ወገኑ ክረምት ሲገባ ሽቅብ ወጥቶ በጠጠሩ ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል። ይህን የሚያውቅ አጥማጅ መረቡን በወንዙ አፍ ይዘረጋል፤ ከላይም ብርብራ ወቅጦ የሚበትን አለ። ብርብራ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል፤ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም። ኾኖም በ1978 ዓ.ም. ገደማ ዘመናዊው መረብና የሞተር ጀልባ ጣና ከገቡ ወዲህ ነጩ ዓሣ እጅግ ስለ ቀነሰ፥ እኛ ይበልጥ የምንፈራው የወንዙን አፍ መረብ ነው፤ ዕንቁላሏን ሳትጥል ያስቀራታልና። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት እንኳ ቢነሣ መልካም በኾነ ነበር።